በእንግሊዝኛ መስቀለኛ ቃላት ውስጥ "መርከብ መምራት" ሲመጣ መልሱን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

የእንግሊዝኛ መስቀለኛ ቃላት የሚሞላ ሰው ባሕር አይቶ ባያውቅም ከመርከብ አያመልጥም። መርከብ ስለመምራት የሚጠይቅ ፍንጭ ብዙ መልስ ስላለው፣ በግምት ከመሙላት በቅደም ተከተል መሄድ ይሻላል።

መጀመሪያ የተጠየቀው ዕቃ፣ ሰው፣ ድርጊት ወይስ አቅጣጫ እንደሆነ ለዩ። ግሥ ከሆነ ጊዜውን እዩ፤ ፍንጩ በኃላፊ ጊዜ ከተጻፈ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በ"ኢ" እና "ዲ" ያልቃል።

ዕቃ ከሆነ አራት ሳጥን ሄልም፣ አምስት ሳጥን ዊል ነው። ስድስት ሳጥን ላይ ግን ቆም በሉ። ረደር ውሃ ውስጥ ሆኖ መርከቧን የሚያዞረው ሰሌዳ ነው፤ ቲለር ደግሞ ረደሩን ለማዞር በእጅ የሚያዘው ዘንግ። ሁለቱም ስድስት ፊደል ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ፊደል እርስ በርሳቸው አንድ ዓይነት ናቸው (በረደር "ዲ"፣ በቲለር "ኤል")፤ ሁለቱም በ"ኢ" እና "አር" ያልቃሉ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳጥኖች ያለ ስጋት ሙሉና ከመጀመሪያዎቹ አራት በአንዱ የሚያቋርጠውን ቃል ፈልጉ።

ሰው ከሆነና ስምንት ሳጥን ካለ ሄልምስማን ወይም ኮክሰን ነው። ሦስተኛው ፊደል "ኤል" ከሆነ የመጀመሪያው፣ "ኤክስ" ከሆነ ሁለተኛው። ፍንጩ ቀዛፊዎችን ካነሳና ሳጥኑ ሦስት ብቻ ከሆነ ኮክስ በሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1829 በተጀመረው የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ የጀልባ ውድድር ስምንቱን ቀዛፊዎች የሚመራው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ድርጊቱ ላይ ነው። በትልቅ መርከብ ላይ አዛዡ መኮንን መሪውን አይነካም። "ረደሩን አስር ዲግሪ ወደ ቀኝ" ብሎ ያዛል፤ መሪውን የያዘው መርከበኛ ትዕዛዙን ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ያዞራል፣ ረደሩ የታዘዘው ቦታ ሲደርስም መልሶ ያሳውቃል። የመኮንኑ ሥራ ኮን ይባላል። ሦስት ሳጥን ሲሆን በአንድ "ኤን"፣ አራት ሲሆን በሁለት "ኤን" ይጻፋል። ነገር ግን ፍንጩ ላይ ያለው ግሥ መጨረሻው "ኤስ" ከሆነ አራተኛው ሳጥንም "ኤስ" ነው። ሦስቱን ፊደል ጽፋችሁ አራተኛውን ፍንጩን ደግማችሁ ካነበባችሁ በኋላ ሙሉ። የሸራ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ታክ የጀልባዋን ፊት፣ ጃይብ የኋላዋን በነፋሱ አቅጣጫ አሳልፎ መዞር ነው፤ ሁለቱም አራት ፊደል ናቸው።

አቅጣጫ ሲጠየቅ ግራ ፖርት፣ ቀኝ ስታርቦርድ ነው። ስምንት ሳጥን ያለው "ግራ" ከመጣ ላርቦርድ ሊሆን ይችላል፤ ከስታርቦርድ ጋር በድምፅ ስለሚምታታ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1844 ትቶታል። አሊ ደግሞ ነፋስ ወደማይመጣበት ወገን ማለት ነው። ከአራቱ ፊደላት ሦስቱ አናባቢ ስለሆኑ አዘጋጆች ይወዱታል፣ እናንተም አትርሱት።

ስለ ድሮ መርከብ የሚጠይቅ ፍንጭ ሲገጥማችሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1912 ታይታኒክ የበረዶ ተራራ ሲገጥማት መኮንኑ መርዶክ ያዘዘው ወደ ስታርቦርድ ነበር፤ መርከቧ ግን የዞረችው ወደ ግራ ነው። ስህተት አልነበረም፤ የዚያን ዘመን ትዕዛዝ የሚናገረው ስለ ቲለሩ ነው፤ ቲለር ወደ ቀኝ ሲገፋ መርከብ ወደ ግራ ትዞራለች። ልማዱ እንዲቀየር የተወሰነው በ1929 በለንደን በተፈረመው የባሕር ደኅንነት ስምምነት ነው።

በመጨረሻ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚያወጡትን ባለ ሁለት ትርጉም ፍንጭ የምትሞክሩ ከሆነ፣ መርከብ መምራትና ከብት አንድ ላይ ሲመጡ አትደናገጡ። ስቲር ማለት መምራትም፣ የኛ ሰንጋም ነው፤ አምስት ሳጥን።