በጠባብ ግቢ ዓሣና ቆስጣ አብሮ እንዴት ይመረታል?

በሲዳማ፣ በወላይታና በጌዴኦ መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ኖሮ ብዙ ቤተሰብ ዛሬ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ማሳ ይተዳደራል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ያለው ግቢ ብቻ ነው። አኳፖኒክስ ለዚህ የተስማማ ዘዴ ነው፦ የዓሣው ቆሻሻ ተክሉን ይመግባል፣ ተክሉ ውኃውን ያጠራል፣ ያው ውኃ ተመልሶ ወደ ዓሣው ይሄዳል።

አስቀድመው የአካባቢዎን አየር ያስቡ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ሐዋሳ፣ አዳማና አርባ ምንጭ ያለ ሰው ብዙ አይቸገርም። አዲስ አበባ ግን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የዓሣውን ገንዳ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ማድረግ፣ ወይም ብርድ የሚችለውን ካርፕ መምረጥ ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓሣው ገንዳ ባለ 500 ሊትር ጥቁር ሮቶ ይበቃል፤ ጥቁሩ ብርሃን ስለማያስገባ አልጌ አይበዛበትም። ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎችን በቁመታቸው ሰንጥቀው አራት የተክል መደብ ያውጡ። ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በነጻ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ። መደቦቹን ከሮቶው ከፍ ባለ ጠንካራ ቆጥ ላይ ያስቀምጡና ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር አጥበው ይሙሉባቸው። ጠጠሩ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ከወንዝ ጠጠር እጅግ የተሻለ ነው። የማያውቁት ድንጋይ ከሆነ ኮምጣጤ ያፍስሱበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነውና ይተዉት።

ውኃውን ከሮቶው ወደ መደቦቹ የሚያወጣው ፓምፕ የሮቶውን ውኃ በሙሉ በሰዓት አንድ ጊዜ የሚያዘዋውር ይሁን። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን ተከፍቶ ይደር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚከስረውም እዚህ ላይ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። በጠጠሩ ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ይገድላል፤ ናይትሬት ግን ለቆስጣው ማዳበሪያ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሳይባዙ ዓሣ ማስገባት ዓሣውን በገዛ ቆሻሻው መመረዝ ነው።

ስለዚህ ገንዳው ያለ ዓሣ ይሥራ። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ መኖ ጣል ያድርጉ፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። ቀድሞ ከጀመረ ሰው ገንዳ ጥቂት ጠጠር ካገኙ እንደ እርሾ ያገለግላልና ጊዜው ያጥራል። አለበለዚያ በሞቃት ቦታ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በብርድ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ውኃው ስለጠራ ብቻ አይመኑት፤ አሞኒያ ለዓይን አይታይም። የጌጥ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የሚገኘውን የውኃ መመርመሪያ ይግዙ፤ በሌላው ሁሉ ቢቆጥቡ በዚህ አይቆጥቡ። አሞኒያው ወጥቶ ይወርዳል፤ ከዚያ ናይትራይቱ ወጥቶ ይወርዳል። ሁለቱም ከወረዱና ናይትሬት ከታየ ገንዳው ለዓሣ ደርሷል።

ከ20 እስከ 25 የቆሮሶ ጫጩት ለዚህ ሮቶ ይበቃል። ሰበታ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ስለ ጫጩት ይጠይቁ። የመጡበትን ፌስታል እንደታሰረ ገንዳው ላይ ያንሳፍፉና ሙቀቱ ሲመጣጠን ይልቀቋቸው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ናናና በሶብላ አብረው ይተከላሉ፤ ቲማቲም ቆይቶ ይሞከራል። በተክሉ ላይ የተባይ መድኃኒት ፈጽሞ አይርጩ፤ ወርዶ ዓሣውን ይፈጃል።

መብራት ሲጠፋ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ በአየር እጥረት ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ የግድ ነው፤ እስኪገዛ ድረስ ውኃውን በባልዲ ቀድቶ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ሕይወት ያተርፋል።

መኖ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሚያልቀው በላይ አይስጡ፤ የተረፈውን ያውጡ። አዲስ የወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ውኃው ብረት አንሶታል፤ ለውኃ እርሻ የተዘጋጀ የሚሟሟ ብረት ይጨመርበታል። ዓሣው ለማዕድ እስኪደርስ በሞቃት ቦታም ቢሆን መንፈቅና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ፣ ለዐቢይ ጾም ገበያ ያሰበ ሰው ጫጩቱን ከሐምሌ በፊት ማስገባት አለበት።