የካውንቲ የቋንቋ ሰንጠረዥ ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

የዎርዚንግተን ከተማ ያለችበት የሚኔሶታው ኖብልስ የገጠር ካውንቲ ነው። ሆኖም የአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ሥራ ከየአገሩ ሰው ስለሳበ፣ ከስፓኒሽ ሌላ ካረን (የምያንማር ቋንቋ)፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶች አሉበት። እንዲህ ባለ ቦታ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት አስተርጓሚ የሚጠይቅ ሰው የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ ነዋሪዎችን እየጠየቀ የሚያወጣውን ጥናት፣ የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ሰርቬይን፣ ይዞ ይቀርባል። ቁጥሩን በአግባቡ ካልያዘው ግን ጥያቄው በገዛ ማስረጃው ይወድቃል።

አማርኛን በካውንቲ ሰንጠረዥ መፈለግ። የሰርቬዩ የቋንቋ ሰንጠረዥ፣ ሲ16001 (C16001)፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ ያሉትን ቋንቋዎች በ12 ምድብ ይጠቀልላል። ዓረብኛ የራሱ መስመር አለው፤ አማርኛ ግን ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር «ሌሎችና ያልተገለጹ ቋንቋዎች» ውስጥ ይገባል። ያንን መስመር የአማርኛ ተናጋሪ ቁጥር አድርጋችሁ አታቅርቡ።

የስህተት ህዳጉን መተው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ስንት ትክክለኛ ጥያቄ በዚህ ተበላሽቷል! ሰርቬዩ ናሙና ነው፤ የስህተት ህዳግ (±) ትክክለኛው ቁጥር ከተጻፈው ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ያሳያል። ሕዝቡ ከ65 ሺህ በታች ለሆነ ካውንቲ ደግሞ ይህ ሰንጠረዥ የሚወጣው የአምስት ዓመት መረጃ በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ነው። ሰንጠረዡ 140 ሰው፣ ህዳጉን ±160 አለ እንበል። 160ን ለ1.645 (ቢሮው ህዳጉን ለ90 በመቶ እርግጠኝነት ሲያሰላ የሚያባዛበት ቁጥር) አካፍሉ፤ 97 ገደማ ይመጣል። እሱን ለ140 ስታካፍሉ 69 በመቶ ይሆናል። ከ40 በመቶ ካለፈ ያንን ቁጥር ብቻውን ይዛችሁ አትቅረቡ። መስመሮችን ስትደምሩም ህዳጎቹን እንዲሁ አትደምሩ፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ውጤቶቹን ደምሩ፣ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። የ160 እና የ120 ህዳግ 280 ሳይሆን 200 ነው። «ቁጥሩ ጨመረ» ለማለትም 2018–2022ን ከ2019–2023 ጋር አታነጻጽሩ፤ አራቱ ዓመታት የጋራ ናቸው። ከ2019–2023 ጋር የሚነጻጸረው 2014–2018 ነው።

ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ሁሉ እንግሊዝኛ አይችልም ማለት። ጥያቄው ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሆኑት ነው፤ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው እንግሊዝኛው «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «ጥሩ አይደለም» ወይም «ፈጽሞ አይችልም» ተብሎ ይመለሳል። እንግሊዝኛቸው ውስን ነው የሚባሉት ከ«በጣም ጥሩ» በታች ያሉት ሁሉ ናቸው፤ «ጥሩ» ያሉትም ይገባሉ። የሚለካው መናገር ብቻ ነው፤ የመድኃኒት ማዘዣ ማንበብ መቻሉን አይነግራችሁም።

ሰውንና ቤተሰብን ማምታታት። ሰውን ሳይሆን ቤተሰብን በሚቆጥረው ሰንጠረዥ፣ በሲ16002 (C16002)፣ አንድ ቤተሰብ እንግሊዝኛው ውስን የሚባለው ዕድሜው 14 ከሞላው መካከል እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ የሚናገር አንድም ሰው ሲጠፋ ነው። ወላጆቹ ምንም ባይችሉ፣ የ15 ዓመት ልጃቸው ከቻለ ቤቱ ከቁጥሩ ይወጣል። ሐኪም ፊት ግን ያ ልጅ የእናቱን ሕመም እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም!

ከ2020 ቆጠራ ቋንቋ መፈለግ። የአሥር ዓመቱ ቆጠራ ቋንቋ የጠየቀው ለመጨረሻ ጊዜ በ2000 ነው።

አማርኛን ለይቶ ማሳየት ካስፈለገ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ሂዱ። ሚኔሶታ ውስጥ ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ የቤቱን ቋንቋ በፎርም ይሞላል፤ የየዲስትሪክቱን ድምር ከግዛቱ ትምህርት መምሪያ ማግኘት ይቻላል። ልጅ የሌላቸውን ሠራተኞች እንደማያካትት ከቁጥሩ ጎን ጻፉበት።