መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ፦ የሐሰት የካሳ ጥያቄ እንዴት ይለያል

የኢንሹራንስ የካሳ ጥያቄ እጃችሁ ሲገባ ከሰውየው በፊት ቀኑንና ሰዓቱን እዩ። ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ መቼ ጀመረ? አደጋው መቼ ደረሰ? ለኩባንያው መቼ ተነገረ? ባሕር ዳር ውስጥ ካየኋቸው የሐሰት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የወደቁት እዚህ ጋ ነው። ሰው ታሪክ ሲፈጥር ስለ አደጋው ብዙ ያስባል፣ ስለ ሰዓቱ ግን ትንሽ።

እዚህ አገር ይህን የማጣራት ሥራ በብዛት የሚሠሩት የኩባንያዎቹ የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፍል ሰዎች፣ ጉዳቱን ሄደው የሚመረምሩ ሰርቬየሮችና የጉዳት ገማቾች ናቸው። ሰርቬየርና ጉዳት ገማች ለመሆን የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚለው በ2004 የወጣው የኢንሹራንስ ሥራ አዋጅ ቁጥር 746 ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሥራውን ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው፤ አረቦኑን በሐቅ እየከፈለ "ለምንድን ነው ይህን ሁሉ የሚጠይቁኝ?" ለሚል ደንበኛም ይጠቅማል።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። የእኛ አቆጣጠር ለመርማሪ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ ትልቅ ወጥመድ። ስልክ ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ቀን የምንቆጥረው ሲነጋ ነው። ሰኞ አምሽቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተጋጨ ሹፌር "ሰኞ ሌሊት" ይላችኋል፣ እናቱ ብትጠየቅ "ለማክሰኞ አጥቢያ" ትላለች፣ ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ ማክሰኞ 2 ሰዓት ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ጀማሪ ሳለሁ በዚህ ምክንያት አንድን ጨዋ የባጃጅ ሹፌር ሁለት ቀን ሙሉ በጥርጣሬ ዓይን አይቼዋለሁ፣ ቃሉን ሲሰጥም ፊቴን አጥቁሬ ነው የተቀበልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

የቀን ልወጣም እንዲሁ ነው። በየ4 ዓመቱ ጳጉሜ 6 ስትሆን የሚቀጥለው መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ያቺ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ትዘልቃለች። ጥምቀት በ2017 ጃንዋሪ 19 ነበር፣ በ2016 ግን ጃንዋሪ 20። ፖሊሲ በፈረንጅ ቀን ተጽፎ የፖሊስ ማስረጃው በእኛ ቀን ሲመጣ አንድ ቀን ያህል ቢዛነፍ ወዲያው አትፍረዱ። ቀኖቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፣ ከጎናቸው ሰዓቱን በሁለቱም አድርጉ። ይህቺ ገጽ ከማንኛውም ካሜራ ትበልጣለች።

ገጿ ከተሠራች በኋላ ነው እውነተኛው ክፍተት ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ሽፋኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ይጸናል ይላል እንበል። ባጃጁ የተጋጨው ግን በዚያው ምሽት 3 ሰዓት ላይ መሆኑን ጋራዡ አጠገብ ያለው ሱቅ ዘበኛ ያስታውሳል፣ ምክንያቱም ባጃጁን በገመድ ጎትተው ያስገቡት እሱ ሊተኛ ሲል ነው። ሽፋኑ ሊጀምር ሦስት ሰዓት ሲቀረው ማለት ነው። አንዳንዱ መጀመሪያ ተጋጭቶ ከዚያ ነው ለኢንሹራንስ የሚሯሯጠው።

ዝናብንም ጠይቁ። የባሕር ዳር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ የሚብሰው ሐምሌና ነሐሴ። ጥር ላይ "አስፋልቱ ርሶ ተንሸራተትኩ" የሚል ቃል ሲመጣ ብዕራችሁን አስቀምጡና ሚቲዎሮሎጂ ሂዱ። በጋ ላይ አልፎ አልፎ ሊያካፋ ይችላል፤ ስለዚህ በግምት አይሆንም፣ የዚያን ቀን መዝገብ ነው የሚታየው።

ብረት አይዋሽም

መኪና ላይ ብዙ መቆየት እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ብረት ምቀኛም ዘመድም የለውም። ገና ከመድረሳችሁ ሻንሲ ቁጥሩንና ሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ከፋይሉ ላይ ኮፒ አይታችሁ አይደለም፣ ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ አንብቡት፣ ቁጥሩ አካባቢ የብየዳ ወይም የሞረድ ምልክት ካለ ፎቶ አንሱ።

ቀጥሎ የቁመት ጉዳይ ነው። "አይሱዙ ከኋላ ገጨኝ" ከተባለ ሜትር አውጡና የአይሱዙውን ፓራውልት ከመሬት ለኩ፣ የተጎዳውንም ቦታ ለኩ። ፍሬን ሲያዝ የመኪና አፍንጫ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ ግን ጉዳቱ ጉልበት ላይ ሆኖ ፓራውልቱ ወገብ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው የገጨው። ቀለሙንም እዩ። ሁለት መኪኖች ሲፋተጉ አንዱ በሌላው ላይ ቀለሙን ይተዋል። ነጭ አይሱዙ ገጭቶ ሰማያዊ ጭረት ከየት መጣ?

ከዚያ ዝገቱን። ትናንት በተሰበረ ብረት ላይ ወፍራም ዝገት አይኖርም። ስንጥቁ ውስጥ አቧራ ከተጋገረ፣ የሸረሪት ድር ካለ፣ ጉዳቱ ቆይቷል ማለት ነው። ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ማግኔት አልይዝ ያለው ቦታ ስቱኮ ተሞልቶበታል፤ ስቱኮ ደግሞ ሲመታ እንደ ቂጣ ተቆራርሶ ነው የሚወድቅ፣ ያ ጎን ከዚህ በፊትም ተመትቶ ነበር ማለት ነው። ልምድ ያለው ባትላሜራ ይህን በአንድ እይታ ያውቀዋል፣ ሻይ ጋብዙትና ጠይቁት።

ማታ ደረሰ በተባለ ግጭት አምፖሉን አውጥታችሁ እዩ። ይህን ያስተማረኝ ሰው ዕድሜ ይስጠው። በርቶ የነበረ አምፖል በኃይል ሲመታ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ ስለነበር ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል። መስታወቱም አብሮ ከተሰበረ ሽቦው አየር ሲያገኝ ይቃጠልና ነጭ ወይም ቢጫ ዱቄት ይተዋል። ጠፍቶ የነበረ አምፖል ሽቦ ግን እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ነው የሚቆረጠው። "መብራት አብርቼ ነበር" የሚል ቃል ከዚህ ሽቦ ጋር ይተያያል። ኤልኢዲ መብራት ላይ ግን ይህ አይሠራም።

በመጨረሻ ፕሮፎርማውን፣ ማለትም ጋራዡ የሚሰጠውን የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ፣ እዩ። ሦስት ጋራዥ ሦስት ፕሮፎርማ ሰጥቶ የሦስቱም ፊደል ስህተት አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ እጅ ነው የጻፋቸው።

ሱቅ ሲቃጠል

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የልብስ ሱቅ ተቃጠለ እንበል። ባለቤቱ 2,000 ጃኬት ነበረኝ ይላል። ሱቁን ለኩ፤ 3 በ4 ሜትር ከሆነ 12 ካሬ ነው፣ መደርደሪያና መተላለፊያ ሲቀነስ 2,000 ጃኬት የት ገባ? ቀጥሎ አመዱ ውስጥ እጃችሁን አስገቡ። ጨርቅ ይነዳል፣ የብረት ዚፕ ግን ይቀራል። የብረት ቁልፍ፣ ማንጠልጠያ፣ የቀበቶ ማሰሪያ ይቀራል። 2,000 ጃኬት ከተቃጠለ አመዱ ዚፕ በዚፕ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ተጣጥፎ የተቆለለ ልብስ ዳር ዳሩን ነው የሚነደው፣ መሃሉ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የመነሻው ምክንያት ሁልጊዜ "ኮንታክት ነው" ይባላል። ሊሆን ይችላል። ኮንታክት የፈጠረ የመዳብ ሽቦ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ጠብታ ይሠራል፣ ጥርት ያለች። በእሳቱ ሙቀት ብቻ የቀለጠ ሽቦ ረዘም ብሎ ይሳሳል፣ እንደ ሻማ ይንጠባጠባል። ጠብታዋ የምትነግራችሁ ሽቦው ውስጥ በዚያች ደቂቃ መብራት እንደነበረ ነው፣ እሳቱን እሷ አስነሳችው ለማለት ግን አትበቃም። መብራት አገልግሎት ሂዳችሁ በዚያ ሰዓት በዚያ መስመር ኃይል ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሠፈሩ በሙሉ ጨለማ ከነበረ ኮንታክቱ ከየት መጣ?

ዕቃው ሲገባም አሻራ ይተዋል። የግዢ ደረሰኝ፣ የካሽ ሬጅስተሩ መዝገብ፣ ከአዲስ አበባ የመጣበት መኪና፣ ያወረዱት ጫኝና አውራጆች። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 መሠረት ካሳው ዕቃው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም፤ ስለዚህ ምንም ጥርጣሬ በሌለበት ሱቅ ላይ እንኳ ይህ ቆጠራ ግዴታ ነው። ባለሱቁን ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሀብቱ የነደደበት ሰው እንደ ሌባ ተቆጠርኩ ብሎ እንዳያዝን።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ ቅርብ ጊዜ የመድን ገንዘቡን ከፍ ያደረገ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ኑሮ በሚወደድበት አገር ከፍ ማድረግ ብልህነት ነው። የገንዘብ ችግር ያለበት ሰው ሱቅም በሐቅ ይቃጠላል። እነዚህ ምልክቶች የሚነግሯችሁ ጠለቅ ብላችሁ እንድታዩ ብቻ ነው።

ሰው ሲናገር

ቃል ስትቀበሉ አክብሩ። ትልቅ ሰው ከሆኑ "እርስዎ" በሉ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ። "እስኪ ከጠዋት ጀምሮ ቀኑን ይንገሩኝ" ብላችሁ ጀምሩና ዝም በሉ። አታቋርጡ። ሲጨርሱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ቦታውን በእጃቸው ይሣሉ። የሆነበትን የሚያስታውስ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ "አይ፣ ቆይ" ብሎ ራሱን ያርማል፣ የማይጠቅም ነገር ሁሉ ይጨምራል። ያጠናው ሰው ደግሞ ሲደግም ቃል በቃል ነው፣ ወደኋላ ሲባል ይደነቃቀፋል። ከአደጋው በኋላ ስላለው ነገር ጠይቁ፦ መጀመሪያ ለማን ደወሉ? ቤት በምን ገቡ? ልብሱን ማን አጠበው? እዚህ ድረስ አስቦ የሚመጣ ውሸታም ጥቂት ነው። ምስክሮችን ለየብቻ አናግሩ። ገጽ በገጽ አስፈርሙ።

መፍራትን ግን ከውሸት አትቁጠሩት። ብዙ ሰው ፋይል የያዘ ሰው ፊት ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ጎረቤት ጥሩ ምንጭ ነው፤ አደገኛ ምንጭም ነው። ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው፣ ዘበኛው ብዙ ያያሉ። ለሁሉም የምጠይቀው አንድ ነው፦ "ራስህ አየኸው ወይስ ተነግሮህ ነው?" የአጥር ጠብ ያለበት ጎረቤት የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ ሪፖርት አትጻፉ።

"ወገቤ ተጎድቶ መሥራት አልቻልኩም" በሚል ጉዳይ ላይ ክትትል የሚሠራ አለ። ከተሠራም ማንም ሰው ሊቆምበት ከሚችል አደባባይ ብቻ ይሁን። አጥር ላይ መንጠልጠል፣ ነርስ ወይም ፖሊስ ነኝ ማለት፣ በዘመድ በኩል የስልክ ወይም የባንክ መረጃ ማስወጣት ክልክል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፣ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። የሕክምና ማስረጃ ካጠራጠራችሁ በታካሚው ፈቃድ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የካርድ ቁጥሩን ከሆስፒታሉ አረጋግጡ። ሰውየው አንድ ቀን ጆንያ አንስቶ በፎቶ ተያዘ ማለት ወገቡ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የወገብ ሕመም ጥሩ ቀንም መጥፎ ቀንም አለው። ተከታታይ ቀናት ይታዩና የታየው ለሐኪም ይሰጣል።

ሪፖርት ላይ "አጭበርባሪ" የሚል ቃል አትጻፉ። ያያችሁትን፣ የለካችሁትን፣ የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ ጻፉ። ለሰውየው የሚጠቅመውንም ጻፉ። ከመዝጋታችሁ በፊት የማይገጥመውን ነገር አቅርቡለትና መልሱን ስሙ። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስከስስ ነው፤ ያንን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው።

አንድ ጉዳይ ነግሬያችሁ ላብቃ። የጀልባ ባለቤት ነው። ከዘጌ ሲመለስ ማዕበል መትቶት ሞተሩ ተነቅሎ ጣና ውስጥ ገባ አለ። ቢሮ ውስጥ ያመነው አልነበረም፣ "ሐይቅ በላው" ማለት ቀላል ነውና። የሸጠው መሰላቸው። እኔ እንደ ልማዴ ሰዓቱን ጠየቅኩ። ከቀኑ 10 ሰዓት አለ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚህ ገጠመ። ቦታውን ሣል አልኩት፣ ሣለ። አብረውት የነበሩትን ሁለት ሰዎች ለየብቻ አስሣልኳቸው። ሦስቱ ሥዕሎች ተቀራረቡ። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሁን እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጠላቂ ፈለግን። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ደለል ለብሶ ወጣ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ቁጥሩን ከጉምሩክ ወረቀቱ ጋር አነበብኩ፣ አንድ ነው። ካሳው ይከፈለው ብዬ የጻፍኩት የዚያኑ ቀን ማታ ነው።