ክትባትን ከብርድ መጠበቅ፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚለማመዱ የነርስ ተማሪዎች

በደብረ ብርሃንና በመንዝ ደጋ ለተግባር ልምምድ የሚወጣ የነርስ ተማሪ፣ ክትባት በሙቀት ብቻ ሳይሆን በብርድም እንደሚበላሽ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ በእኔ እምነት ይህ ነጥብ ከሚሰጠው የበለጠ ትኩረት ያስፈልገዋል። በጤና ጣቢያ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀመጣሉ። የፖሊዮ ጠብታና የኩፍኝ ክትባት በረዶ መሆንን ይቋቋማሉ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከል ክትባት) እና የሳንባ ምች ክትባት ግን አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ ኃይላቸውን ያጣሉ።

ስለዚህ ወደ ቀበሌ ከመውጣታችሁ በፊት አይስ ፓኮቹን (በረዶ የሆነ ውኃ የያዙትን ጠፍጣፋ ዕቃዎች) ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ፣ ሲነቀነቁ በውስጣቸው የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ጠብቁ፤ ወደ ክትባት መያዣው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በረዶ የሆነ ፔንታቫለንት ካያችሁ አስወግዱት። ከጠረጠራችሁ ደግሞ፣ ከዚያው የምርት ቁጥር ሆን ተብሎ በረዶ ከተደረገና ከቀለጠ ብልቃጥ ጋር አብራችሁ ነቅንቁና አስቀምጡ፤ የተጠረጠረው እኩል ወይም ፈጥኖ ከዘቀጠ አይሰጥም። በብልቃጡ ላይ ያለው ቀለሙ የሚለወጥ የክትባት መቆጣጠሪያ ምልክት የሚያሳየው ሙቀትን እንጂ ብርድን አይደለም።

የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል፤ በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ቀጣዩን ቀጠሮ በካርዱ ላይ ጽፋችሁ፣ ከሩቅ ለመጣች እናት ከገበያ ቀን ወይም ከበዓል ጋር አያይዛችሁ በቃልም ንገሯት።