አሮጌው አይፖድ ከኮምፒውተሩ ጋር ታረቀ

ወንድሜ ውጭ ሲሄድ የተወልኝ አይፖድ ክላሲክ፣ የአፕል ዘፈን ማጫወቻ፣ አለ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነበር የከረመው። ሰሞኑን ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ቻርጅ ያደርጋል፣ ዘፈን የሚጫንበት ፕሮግራም አይቲዩንስ ግን ጭራሽ አያየውም።

አይቲዩንስን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ያ ሁሉ ዳታ ለከንቱ! ወይ ፍንክች።

ለካ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፉ ሽቦዎች አሉ፣ ዳታ የሚያስተላልፉም አሉ። መንገድ ዳር የገዛሁት ርካሽ ገመድ የዳታዎቹ የሉትም። ባትሪው ይሞላል፣ ዘፈን አያልፍም። ጎረቤቴ ጋ ባለ 30 ፒኑ ሰፊው ኦሪጅናል ገመድ ተገኘ። አሮጌ ዕቃ የማይጥል ሰው ይባረክ።

እሱም ቢሆን አልገባ አለኝ። ቀዳዳውን በስልክ መብራት ሳየው የኪስ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። መርፌ እንዳትሞክሩ፣ ፒኖቹን ያጣምማል።

ከዚያ ሜኑንና የመሃሉን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኜ ቆየሁ። የአፕል ምልክት ብቅ ሲል ወዲያው ለቅቄ የመሃሉንና የማጫወቻውን ያዝኩ። ዲስክ ሞድ ገባ፣ ላፕቶፑም እንደ ፍላሽ አነበበው። አይቲዩንስም አወቀው። "ሪስቶር ላድርግ?" ብሎ ከጠየቃችሁ ግን ቸኩላችሁ እሺ አትበሉ፤ ያለውን ዘፈን ሁሉ ያጠፋዋል።

ሲንኩ (ዘፈን ከላፕቶፑ ወደ አይፖዱ መጫኑ) ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ደግነቱ ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው።