ከኦፕቶሜትሪስት ቢሮ መድኃኒት ይዘው ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ መነጽር ሊለካ የሄደ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ከተገኘ፣ ኦፕቶሜትሪስቱ (ዓይን የሚመረምረውና መነጽር የሚያዘው ባለሙያ) እዚያው ጠብታ ሊያዝለት ይችላል። ይህ በሃምሳውም ስቴቶች የተፈቀደ ነው። ጠብታውን ከራሱ መደርደሪያ አውጥቶ መስጠት ወይም መሸጥ ግን በሌላ ሕግ የሚዳኝ ጉዳይ ነው፤ ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ማዘዝንና ማደልን እንደ አንድ ሥራ መቁጠር

ሕጉ ሦስት ሥራዎችን ለየብቻ ያያል። የመጀመሪያው ወንበሩ ላይ እንዳሉ የሚደረግልዎት ነው፤ ለምሳሌ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ። ሁለተኛው ማዘዣ መጻፍ ነው። ሦስተኛው ማደል ነው፦ ስምዎ የተለጠፈበትን ጠርሙስ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ። ስቴቶች በሦስተኛው ላይ የሚጠነክሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያዘዘው ሰው ራሱ ሲሸጥ ከማዘዙ ትርፍ ያገኛል፤ በመሐል ሆኖ ስህተት የሚይዘው ፋርማሲስትም ይቀራል።

በሌላ በኩል፣ ቅዳሜ ማታ ኮንታክት ሌንስ ለብሶ ተኝቶ ኮርኒያው (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) የቆሰለ ሰው ሰኞን መጠበቅ አይችልም። በባክቴሪያ የተበከለ ቁስል በአንድ ሌሊት ሊብስ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ የሚንጠባጠብ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የሰፈሩ ፋርማሲ ደግሞ ያንን ጠብታ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ስቴቶች መሐል ላይ ቆመዋል። በኒውዮርክ የራሱ ፋርማሲ የሌለው መድኃኒት አዛዥ ባለሙያ በመደበኛው ከ72 ሰዓት በላይ የሚበቃ መድኃኒት አያድልም። በነጻ የሚሰጥ መድኃኒትና ከፋርማሲ 10 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ቢሮ ከልዩ ሁኔታዎቹ መካከል ናቸው። በእኛ አመለካከት ሚዛናዊው መንገድ ይኸው ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒት ከቢሮ፣ የወራቱ ከፋርማሲ።

ናሙና ጠርሙስ ከተሰጠዎት ደግሞ ምንም አይክፈሉ። የፌዴራል ሕግ የመድኃኒት ናሙና መሸጥን ይከለክላል።

የአንዱን ስቴት ልምድ ይዞ ሌላው ስቴት መሄድ

ዌስት ቨርጂንያ ኦፕቶሜትሪስቶች በመድኃኒት እንዲያክሙ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ማሳቹሴትስ ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚያያዝ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) እንዲያክሙ የፈቀደችው ከሁሉም ስቴቶች በመጨረሻ፣ በ2021 ነው። በኒውዮርክም የሚዋጥ መድኃኒት እንዲያዙ የሚፈቅደው ሕግ የተፈረመው በዚያው ዓመት ነው። ግላኮማ ያለበት ሰው ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ፣ የለመደው ዓይነት ባለሙያ እዚያም ያንኑ ሁሉ ያደርጋል ብሎ መገመት የለበትም። ነገሩ ለእኛ ሰው ችላ የሚባል አይደለም፤ ግላኮማ ጥቁር ሕዝቦችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ካለበት ደግሞ ስጋቱ ይጨምራል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። የስቴቱ የኦፕቶሜትሪ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ የባለሙያውን ስም ያስገቡ፤ ፈቃዱ ያልተቃጠለ መሆኑን፣ በመድኃኒት የማከም ማረጋገጫ እንዳለውና የቅጣት መዝገብ እንደሌለበት ይዩ። ቴክሳስ ውስጥ የፈቃድ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ራሱ ይናገራል፦ «ቲ» በመድኃኒት ለሚያክም፣ «ቲጂ» ግላኮማንም ለሚያክም።

«ጠብታ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብሎ ሌላውን በሽታ አለመናገር

ከፋርማሲ ሲገዙ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በአብዛኛው እዚያው ኮምፒውተር ላይ አሉ፤ የሚጋጭ ነገር ካለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከዓይን ቢሮ ሲወስዱ ያ ማጣሪያ ላይኖር ይችላል።

ለግላኮማ የሚታዘዘውን ቲሞሎልን እንውሰድ። ጠብታው በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ከዚያ በጉበት ሳይጣራ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው፣ የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል። ለደም ግፊት ሜቶፕሮሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ውጤቱ ይደራረባል። ስለዚህ የመድኃኒቶችዎን ዝርዝር፣ ኢንሄለሩንም ጨምረው፣ በወረቀት ይዘው ይሂዱ። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ጫን ይበሉ፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ይቀንሳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለዎት በመካከላቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል።

መለያ ወረቀቱን ሳያነቡ መውጣት

የታደለ መድኃኒት መለያው ላይ ያደለው ሰው ስምና አድራሻ፣ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የአዛዡና የታካሚው ስም፣ አጠቃቀሙና ማስጠንቀቂያው ሊኖሩበት ይገባል። መለያ የሌለው ጠርሙስ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከተሰጠዎት እዚያው እንዲለጠፍልዎት ይጠይቁ። «ኦዲ» ከተጻፈ ቀኝ ዓይን፣ «ኦኤስ» ግራ፣ «ኦዩ» ሁለቱም ማለት ነው፤ በአማርኛ አስተርጉመው ራስዎ ቢጽፉበት ይሻላል።

የክዳኑን ቀለምም ልብ ይበሉ። አብዛኞቹ አምራቾች አንድ ዓይነት ሥርዓት ይከተላሉ፦ ሮዝ ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት)፣ ቀይ ብሌን የሚያሰፋ፣ ግራጫ ስቴሮይድ ያልሆነ የብግነት መድኃኒት፣ ፈዛዛ ቡናማ ፀረ ጀርም፤ ቢጫ ክዳን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቲሞሎል ነው። ሁለት ጠርሙስ አንድ ላይ ከፍቶ ክዳን ማለዋወጥ ያልተለመደ ነገር አይደለም። አንዱን ዘግተው ሌላውን ይክፈቱ።

ከዚያው መግዛት ግዴታ ነው ብሎ ማመን

አይደለም። ማዘዣው ወደ መረጡት ፋርማሲ እንዲላክልዎት ይጠይቁ፤ ከመክፈልዎ በፊትም ዋጋውን ያወዳድሩ። የመነጽር ኢንሹራንስ መድኃኒት አይሸፍንም፤ መድኃኒቱ በጤና ኢንሹራንስዎ በኩል ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ለፋርማሲ እንጂ ለዓይን ቢሮ አይደለም። የመነጽርና የኮንታክት ሌንስ ማዘዣን በተመለከተ ደግሞ የፌዴራል ሕግ ሳይጠይቁ ቅጂው እንዲሰጥዎ ያዛል።

ማደንዘዣውን ጠብታ ለቤት መለመን

ኮርኒያ ሲጫር ሕመሙ ከባድ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የተደረገው ፕሮፓራኬይን በሰከንዶች ውስጥ ያስታግሳል። በተደጋጋሚ ሲደረግ ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፤ ኮርኒያን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። ባለሙያው እምቢ ካለ ትክክል ነው። ጠንካራ የሕመም ክኒንም እንደዚሁ ቀላል አይደለም፤ ሃይድሮኮዶን ያለባቸው ቅይጥ ክኒኖች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ጥብቅ ቁጥጥር ወደሚደረግበት ሁለተኛ የመድኃኒት መደብ ስለተዛወሩ ብዙ ስቴቶች ውስጥ ኦፕቶሜትሪስት አያዛቸውም።

የተረፈውን ለሌላ ሰው መስጠት፣ ወደ አገር ቤት መላክ

በጣም የሚያሳስበን ይህ ነው። ሮዝ ክዳን ያለው የስቴሮይድ ጠብታ ብዙ ጊዜ ቀይ ዓይንን ለጊዜው ነጭ ያደርጋል፤ ለዚህም ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ቅላቱ ከሄርፒስ ቫይረስ የመጣ ከሆነ ቁስሉ ሊሰፋ ይችላል። ለሳምንታት ከተደረገ የዓይን ግፊትን ያለ ሕመም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ሲቆይም ሞራ ሊያመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ያለችው እናትዎ ዓይኗ ቢቀላ ጠብታ ከመላክ የምርመራ ገንዘብ መላክ ይሻላል።

ሐኪም አይቷት የታዘዘላት የግላኮማ መድኃኒት ከሆነ ግን ጉዳዩ የአያያዝ ነው። ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በጉዞ ላይ እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ከ8 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይታገሳል። ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። የሚጓዘው ሰው በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ እንደደረሰም ፍሪጅ ይግባ። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ የክፍል ሙቀት ለ6 ሳምንት ያገለግላል፤ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ፣ ጊዜው ሲደርስ ቢተርፍም ይጣል።