ከወገብ በታች የማይታዘዝለት ልጅ በመሣሪያ ተደግፎ እንዴት ይቁም?

አብዛኛው ሕፃን አንድ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ያገኘውን ነገር ይዞ ይቆማል። ያን ጊዜ የሰውነቱ ክብደት በጭኑና በቅልጥሙ ላይ ያርፋል፤ አጥንቱ ይጠነክራል፤ የዳሌው መገጣጠሚያም ቅርጹን እየያዘ ይሄዳል። በስፓይና ቢፊዳ (ልጁ በማኅፀን ሳለ አከርካሪው በደንብ ሳይገጥም በመቅረቱ የሚመጣ ችግር)፣ በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ወይም በሌላ ምክንያት ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ልጅ ግን ይህን በራሱ አያገኘውም። እኩዮቹ በሚቆሙበት ዕድሜ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ገደማ ሲሆነው፣ በመሣሪያ ደግፎ ማቆም ያስፈልጋል። «ትንሽ ይደግና እናያለን» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ያንገበግበኛል፤ ጅማት የሚያጥረው፣ ዳሌና ጉልበት ታጥፈው የሚቀሩት በዚያ ጊዜ ነውና። ዕድሜው የገፋ ልጅም ቢሆን መጀመር ይችላል፤ ቅድመ ምርመራውና ጥንቃቄው ግን ይበዛል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ግልጽ ይሁን፤ መቆሚያ መሣሪያ የተጎዳ ሕብለ ሰረሰርን አይጠግንም። ጥቅሙ አጥንት እንዳይሳሳ፣ መገጣጠሚያ እንዳይኮማተር፣ አንጀትም በደንብ እንዲሠራ ማገዝ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ መጫወቱ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነገር ሰው ሳይለምን በገዛ እጁ ማንሳቱ ነው።

ደረጃ 1፦ ከማቆም በፊት ያስመርምሩ

መሣሪያ ከመግዛትዎ ወይም ከማሠራትዎ በፊት ልጅዎን የአጥንት ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ይዩት። የሚታዩት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ዳሌው ከቦታው ወልቆ እንደሆነ፣ አከርካሪው ምን ያህል እንደጎበጠ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ምን ያህል እንደሚዘረጉ፣ ያልዳነ ስብራት ወይም ቁስል መኖሩ፣ የአጥንቱ ጥንካሬ። ያልዳነ ስብራት ያለበት ልጅ አይቆምም። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ልጅ ግን በዚህ ብቻ መቆም የለበትም አይባልም፤ መሣሪያው በእግሩ ልክ ይስተካከላል እንጂ እግሩ በመሣሪያው ልክ በኃይል አይጎተትም።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነም ይጠይቁ። ጉዳቱ በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በድንገት የሚያሻቅብበት አደገኛ ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆች ደግሞ ለላቴክስ ጎማ አለርጂ የመሆን ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ያለ ነው፤ ማሰሪያውና ስፖንጁ ላቴክስ የሌለበት ይሁን።

ደረጃ 2፦ የሚስማማውን ዓይነት ይምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ ማሰብ ያዋጣል። ብዙ ወላጅ በመጀመሪያ ያየውን ወይም በእርዳታ የተገኘውን ይወስድና መሣሪያው ጥግ ይዞ ይቀራል። ምርጫው የሚወሰነው ልጁ ጭንቅላቱንና ደረቱን ምን ያህል በራሱ እንደሚይዝ፣ እጆቹ ምን ያህል ብርቱ እንደሆኑና መሣሪያው የት እንደሚውል በማየት ነው።

ጀርባን ደግፎ የሚያቆም መሣሪያ ልጁ በጀርባው ተኝቶ ከታሰረ በኋላ ቀስ በቀስ የሚነሣ ሰሌዳ ነው። ጭንቅላቱን በደንብ ለማይቆጣጠር ልጅ ወይም ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ለቆየ ልጅ ተስማሚ ነው። ደረትን ከፊት ደግፎ የሚያቆመው ደግሞ ልጁ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እጆቹን እንዲጠቀም ያደርገዋል፤ ጭንቅላቱን መያዝ ግን አለበት። ከወገቡ በላይ ጥሩ ጉልበት ላለው ልጅ ቀጥ ያለው መቆሚያ ይበቃዋል። ከመቀመጥ ወደ መቆም የሚያነሣው ዓይነት፣ በእጅ ፓምፕ ወይም በሞተር የሚሠራው፣ ልጁ ከባድ ሲሆንና ተሸክሞ ማስገባት ሲያስቸግር ወገብዎን ያድናል።

እነዚህ ሁሉ ልጁን አንድ ቦታ ያቆሙታል። እኔ የማደላው፣ እጆቹ ጤናማ ለሆኑ ልጆች፣ ቆመው ወደሚንቀሳቀሱባቸው መሣሪያዎች ነው። አንደኛው ተሽከርካሪ መቆሚያ ነው፤ ከጎንና ከጎን ትልልቅ ጎማዎች ስላሉት ልጁ እንደ ተሽከርካሪ ወንበር በእጁ እየገፋ ቆሞ ይሄዳል። ሁለተኛው በመወዛወዝ የሚሄደው መቆሚያ ነው። ከሥሩ ትንሽ ያዘነበሉ ሁለት ሰሌዳዎች አሉት፤ ልጁ ደረቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዝ ክብደቱ አንዱ ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ ሌላው ወደ ፊት ይዞራል፤ በዚህ ዓይነት ያለ ክራንች ይራመዳል። እጆቹ ነፃ ናቸው። ፍጥነት የለውም፤ ልሙጥና ደልዳላ ወለልም ይፈልጋል፤ ደረጃና ኮረኮንች አይሆንለትም። ለትንሽ ልጅ ግን በራሱ ፈቃድ አንድ እርምጃ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ፊቱን አይቶ መረዳት ይቻላል።

ፓራፖዲየም የሚባለው ከሰፊ መቆሚያ ሰሌዳ ጋር የተያያዘ ከደረት እስከ እግር የሚደርስ ፍሬም ነው፤ የዳሌና የጉልበት ማጠፊያው ሲቆለፍ ያቆማል፣ ሲፈታ ያስቀምጣል። ከዚህ ከፍ የሚለው የሁለቱ እግሮች የዳሌ ማጠፊያዎች በገመድ ወይም በዘንግ የተያያዙበት የእግር ብሬስ (እግርን ደግፎ የሚይዝ ፍሬም) ነው። አንዱ እግር ወደ ኋላ ሲዘረጋ ሌላው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ልጁ በዎከር ወይም በክራንች እየተደገፈ እግር እያፈራረቀ ይራመዳል። ይህኛው በልኩ የሚሠራ፣ ልምምዱም ብዙ የሚጠይቅ ስለሆነ ልጁ መመሪያ መከተል እስኪችል መጠበቅ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ይለኩና ያስተካክሉ

ልጁን ቀጥ አድርገው አስተኝተው የሚያዘወትረውን ጫማና የቁርጭምጭሚት ድጋፍ እንዳደረገ ይለኩት፦ ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ ከተረከዝ እስከ ዳሌ፣ ከተረከዝ እስከ ብብት፤ የዳሌና የደረት ስፋት፤ የእግር ርዝመት። ክብደቱንም ይመዝኑ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚችለው ክብደት አለውና። መቆሚያ በፊዚዮቴራፒስት ልኬት በእንጨት ባለሙያም ሊሠራ ይችላል። ያኔ ዋናው ነገር መሠረቱ ሰፊ መሆኑ፣ ልጁ ወደ ፊት ተንጠራርቶ ዕቃ ሲያነሣም የማይገለበጥ መሆኑ ነው።

ሲገጠም ተረከዙ ወለሉን ይንካ፤ ጣቶቹ ተዘርግተው ይቀመጡ። የጉልበት ድጋፉ ግፊት በጉልበቱ ሎሚ ላይ ብቻ እንዳያርፍ፣ ወደ ቅልጥሙ ላይኛ ክፍል እንዲሰራጭ ያድርጉ። የዳሌው ማሰሪያ መቀመጫውን ከኋላ ይይዛል፤ ከላላ ልጁ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተትና በብብቱ ይንጠለጠላል። የደረቱ ማሰሪያ ከብብት ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ትንፋሹን እንዳያጠብ ጣትዎን አስገብተው ይፈትሹ። ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ይሁን። በመጨረሻ ከፊት ለፊት ቆመው ይመልከቱት፦ ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ናቸው? ዳሌው ወደ አንድ ጎን አላዘነበለም?

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የመጀመሪያው መቆም ባለሙያ ባለበት ይሁን። ሽንቱን አስቀድሞ ይሽና ወይም ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) ይፈተሽ። ካልሲው ያለ እጥፋት ይሳብ፤ ጫማ ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ወይም ጠጠር አለመኖሩን እጅዎን አስገብተው ያረጋግጡ። ጎማ ያለው ከሆነ ፍሬኑን ይያዙ። በጀርባ የሚደግፈው ከሆነ ልጁን አስተኝተው እግሩን፣ ጉልበቱን፣ ዳሌውንና ደረቱን በቅደም ተከተል ያስሩ፤ ከዚያ ሰሌዳውን በትንሽ በትንሹ ያንሡ፤ በየመሃሉ እየቆሙ ፊቱን ይመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ብሎ መቆም የለበትም፤ ግማሽ መንገድ ተነሥቶ 5 ወይም 10 ደቂቃ ቢቆይ በቂ ነው። ቆዳው ደህና ከሆነና ልጁ ካልደከመው በየጥቂት ቀኑ 5 ደቂቃ ይጨምሩ።

መድረሻው በዓላማው ይወሰናል። በባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት መጠን በሳምንት 5 ቀን ሆኖ፣ የጡንቻ መወጠርን ለማርገብ በቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ መገጣጠሚያ እንዳይኮማተር ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ ለአጥንት ጥንካሬ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ለዳሌ መገጣጠሚያ ሲሆን ሁለቱ እግሮች በድምሩ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ተከፍተው በቀን 60 ደቂቃ ይመከራል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የተገኙት ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ካለባቸው ልጆች ስለሆነ ለልጅዎ የሚስማማውን ፊዚዮቴራፒስቱ ይወስን። ሰዓቱን በሁለት ከፍሎ ጠዋትና ከሰዓት ማድረግም ይቻላል።

ደረጃ 5፦ ሕመም የማይሰማውን እግር በዓይንና በእጅ ይጠብቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚነበብ ከሆነ ይህኛው እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሌላ ልጅ ማሰሪያ ሲጫነው ያለቅሳል። እግሩ የማይሰማው ልጅ እየሳቀ ይጫወታል፤ ቆዳው ግን ከሥር እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ዝምታው ደህንነት አይደለም።

ከመሣሪያው በወጣ ቁጥር ተረከዙን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱን፣ ዳሌውንና ደረቱን ይመልከቱ። ቆዳው ጠቆር ያለ ልጅ ላይ መቅላት በግልጽ ላይታይ ስለሚችል በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ፣ ያበጠ ወይም ይበልጥ የጠቆረ ቦታ ካለ ግፊት አለ ማለት ነው። ምልክቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ መሣሪያው እስኪስተካከልና ቆዳው እስኪያገግም አያቁሙት።

ስብራትም ያለ ለቅሶ ይመጣል። እግሩ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ ትኩሳትም ካለው፣ ነገሩ ኢንፌክሽን ይመስላል፤ የተሰበረ አጥንት ሊሆን ግን ይችላል። እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ራጅ ያስነሡት፤ እግሩ ሕመም እንደማይሰማው ለሐኪሙ ይንገሩት። በተለይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጀሶ በወጣለት ሰሞን አጥንቱ ስስ ስለሆነ እንደ ገና ከትንሹ መጀመር ያስፈልጋል።

ሁለት ተቃራኒ አደጋዎችን ለይተው ይወቁ። ልጁ ከገረጣ፣ ካዞረውና ቀዝቃዛ ላብ ካላበው የደም ግፊቱ ወርዶ ነው፤ ወደ ኋላ አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ። ጉዳቱ ከላይ በጠቀስኩት ከፍታ ላይ ያለ ልጅ ግን ድንገት ከባድ ራስ ምታት ካመመው፣ ፊቱ ከቀላና ከጉዳቱ በላይ ካላበው ግፊቱ አሻቅቧል። ይህን ልጅ አያስተኙት። ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ ማሰሪያውን ሁሉ ይፍቱ፤ ካቴተሩ ታጥፎ ወይም ፊኛው ሞልቶ እንደሆነ ይፈትሹ። ቶሎ ካልተሻለው ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት። ልጁን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ፣ አስተማሪውም ጭምር፣ ይህን ልዩነት ሊያውቅ ይገባል።

ደረጃ 6፦ የመቆሚያውን ሰዓት የጨዋታ ሰዓት ያድርጉት

ግድግዳ ፊት ለፊት ተገትሮ ሰዓት የሚቆጠርበት ልጅ መሣሪያውን ቢጠላ አይፈረድበትም። ቀለም መቀባት፣ ውኃና አሸዋ መጫወት፣ ኳስ መቀባበል፣ ሊጥ ማሸት፣ እጅ መታጠብ ቆሞ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። ቤተሰብ ያለበት ቦታ ያቁሙት። ትምህርት ቤት ከገባ መቆሚያውን አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ከአስተማሪው ጋር ይነጋገሩ።

ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ከሆነ መጀመሪያ መቆምን፣ ቀጥሎ ክብደትን ከጎን ወደ ጎን ማዛወርን፣ ከዚያ መዞርን ያስተምሩት፤ ወደ ፊት መሄድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሚወደውን ነገር አንድ ክንድ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ደረጃ ባለበት ቤት መግቢያው በበር ወይም በአጥር ይዘጋ። ከኋላው ይከተሉት፤ አይግፉት። ብቻውን ግን በምንም ዓይነት አይተዉት።

ደረጃ 7፦ ልጁ ሲያድግ

በየ3 እስከ 6 ወሩ እንደገና ይለካ። ብሎኖችና ማሰሪያዎች በየሳምንቱ ይታዩ። ለወትሮው በደንብ ይቆም የነበረ ልጅ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ከጀመረ፣ እግሩ ከበፊቱ ይልቅ ከተወጠረ ወይም የሽንት ሁኔታው ከተለወጠ ችግሩን መሣሪያው ላይ ብቻ አይፈልጉ፤ በስፓይና ቢፊዳ ሕብለ ሰረሰሩ በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ እየተወጠረ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ወደ ጉርምስና ሲቃረብ ክብደቱ ስለሚጨምር በብሬስ መራመድ ብዙ ጉልበት ይጨርሳል፤ ብዙ ልጆችም ለመንገድና ለትምህርት ቤት ተሽከርካሪ ወንበርን ይመርጣሉ። እንዲመርጡ ይፍቀዱላቸው። ከቤት ውጪ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ቤት ውስጥ ደግሞ መቆሚያ የሚጠቀም ወጣት ከሁለቱም ጥቅም ያገኛል፤ ማሰሪያውን ራሱ ማሰርና ቆዳውን በመስታወት ራሱ መመርመር የሚማረውም ያኔ ነው።